ኦፓሉ የደላንታ፣ በጀቱ የማን?

በጥር 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደቡብ ወሎ ደላንታ ወረዳ ውስጥ ኦፓል የተባለው የጌጥ ድንጋይ የሚቆፈርበት ገደል ተናደ። ወደ 20 የሚሆኑ ሰዎች ዋሻው ውስጥ እንዳሉ መውጫቸው ተደፈነ። ወሬው ለጥቂት ቀናት አገሩን አዳረሰው። የውጭ የዜና ወኪሎች ሳይቀሩ ስለ ደላንታ ጻፉ፣ የአካባቢው ሰው ማሽን እንደልቡ በማይደርስበት ቁልቁለት ላይ ወገኑን ለማውጣት ሲታገል ከረመ። ከዚያ ሌላ ዜና መጣ። ያው እንደምናውቀው ነው።

እኔን ያልለቀቀኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ያንን ገደል ከመናዱ በፊት ወጥቶ ማየት፣ ስንጥቁን መለካት፣ «እዚህ ጋ ቆፍሩ፣ እዚያ ጋ ግን እንዳትሞክሩት» ማለት የማን ሥራ ነበር? ሥራው የሆነ አካል ቢኖርስ፣ ነዳጁን ሞልቶ፣ ውሎ አበሉን ከፍሎ እዚያ ድረስ የሚልከው ማን ነው?

ነገሩን ስከታተለው የደረስኩበት መልስ ቀላልም የሚያበሳጭም ነው። ምድርን ለማጥናት ገንዘብ የሚወጣው ከምድሩ የሚፈለግ ነገር ሲኖር ነው፤ ወይ ደግሞ ሰው ካለቀ በኋላ። በመሐል ያለው ረጅም ጊዜ፣ ማለትም ሥራው በትክክል መሠራት ያለበት ጊዜ፣ ከፋይ የለውም። ደላንታ ላይ ይሄ ነገር ከ150 ዓመት በላይ ሲደጋገም ኖሯል ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እስኪ ከድንጋዩ እንጀምር።

ድንጋዩ

ደላንታን ለማታውቁት፣ አምባ ነው። ከተማዋ ወገል ጤና ናት። ሜዳው ላይ ስትቆሙ የምታዩት ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ የሚዘራበት ማሳ ነው። ጫፉ ጋ ስትደርሱ ምድሩ በድንገት ያልቅና ቁልቁል ወደ በሽሎ የሚወርደው ሸለቆ አፉን ከፍቶ ይጠብቃችኋል።

ይህ ገደል የተሠራው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ግድም በፈሰሰና በተረጨ የእሳተ ገሞራ ቁስ ነው። ጥቁሩ ባዛልት አለ። ከፍንዳታ የወጣ አመድ በራሱ ሙቀት ተጣብቆ የጠነከረ፣ ባለሙያዎቹ ኢግኒምብራይት የሚሉት አለትም አለ። ሁለቱ እየተፈራረቁ ተደራርበዋል። በመሐላቸው ደግሞ አንዳንዴ ያልጠነከረ አመድ ይገኛል፤ ሌላ ፍንዳታ መጥቶ ሳይቀብረው በፊት ዝናብና ፀሐይ ተፈራርቀውበት አፈር የሆነ። ኦፓሉ ያለው እዚህች ለስላሳ ሽፋን ውስጥ ነው። አመዱ አፈር ሲሆን የሟሟው ሲሊካ ከውሃ ጋር እየሰረገ ባገኘው ክፍተት ሁሉ ገብቶ ረጋ፣ ከዚያ ጠጠረ። የጥንት ዛፍ ሥርና እንጨት ሳይቀር ኦፓል ሆኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። የሽፋኑ ውፍረት አንድ ሜትር አይሞላም። መሶብ ሙሉ እንጀራ መሐል ያለች አንዲት ስስ እንጀራ አስቡ፤ የላይኛውን ሳያነሳ ያችን ብቻ ከጎን ጎትቶ ላውጣ የሚለው ሰው የደላንታ ቆፋሪ ነው።

ይህን ሀብት ያገኘው የመንግሥት ጥናት አይደለም። በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2008) ፀሐይ መውጫ በሚባለው ሰፈር አጠገብ የአካባቢው ሰዎች ናቸው ያገኙት። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ኦፓል ሲባል በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መንዝ መዘዞ አካባቢ የተገኘው ቡናማ ድንጋይ ነበር የሚታወቀው። እሱ ውበት አያንሰውም፣ ግን ብዙው እየተሰነጠቀ ገዢውን አስቀየመ። የወሎው ነጣ ያለ ነው፣ እንደ መንዙ ቶሎ አይሰነጠቅም፣ ቀለሙ ደግሞ እሳት ነው። ኦፓል ማለት አውስትራሊያ ብቻ የሚመስለው ገበያ በአንድ ጊዜ ስለ ወገል ጤና ማውራት ጀመረ። በ2005 ዓ.ም. ግድም ደግሞ ጋሸና አቅራቢያ ስታይሽ ላይ ጥቁር ኦፓል ወጣ።

ይህ ድንጋይ አንድ ጠባይ አለው፤ ውሃ ይጠጣል። ደሴ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ከኪሱ በሶፍት የተጠቀለለ ኦፓል አውጥቶ ሲያሳየኝ ነበር። አረንጓዴውና ቀዩ በያቅጣጫው ይንቀለቀላል። ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አደረጋትና «ይጠብቁ ጋሼ» አለኝ። ሻዬን ጠጥቼ ስመለከት ቀለሙ የለም። ባዶ የመስታወት ስባሪ የመሰለ ነገር ብርጭቆው ሥር ተቀምጧል። ደንግጬ ሳየው ሳቀ። «አብሽሩ፣ ሲደርቅ ይመለሳል።» እውነቱን ነው፣ ይመለሳል። ግን እርጥብ ሆኖ ሚዛን ላይ ሲወጣ ክብደቱ እንደሚጨምር ልጁም ያውቃል፣ ደላላውም ያውቃል፣ የማያውቅ የውጭ ገዢ ብቻ ነው የሚበላው።

ድንጋዩን ስለሚያወጣበት ዋሻ ጠየቅኩት። ሽፋኗ ገደሉ ወገብ ላይ ስለሆነች ከላይ መቆፈር አይታሰብም፤ ከጎን ነው የሚገባው። ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ ለማግኘት ከኦፓሏ ሽፋን በላይ ወይ በታች ያለውን አለት መፈልፈል ግድ ነው። መዶሻ፣ መሮ፣ ዶማ፣ የእጅ ባትሪ። ወደ ውስጥ በገፋችሁ መጠን ጎንበስ ማለት፣ ከዚያ መዳህ። የባህር ዛፍ ቋሚ ይተከላል እንዴ አልኩት። «ቋሚው ገንዘብ ነው ጋሼ» አለኝ። ሌላ ማብራሪያ አልሰጠኝም፣ አላስፈለገኝምም።

አሁን የአለቱን ነገር ልብ በሉ። ከታች ለስላሳ፣ ከላይ ከባድ። ላዩ ያለው ጠንካራ አለት ያኔ ሲቀዘቅዝ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብሎ ቁልቁል ይወርዳል። ውሃ በዚያ ይገባል። ሥሩን የተሸከመውን ለስላሳ ሽፋን በሰው እጅ ከፈለፈላችሁት ደግሞ ላዩ የሚያርፍበት ያጣል። ከጎናችሁ ሌላ የቆፋሪዎች ማኅበር ይቆፍራል። በእናንተና በእሱ ዋሻ መሐል የቀረው ግድግዳ ሦስት ሜትር ይሁን ግማሽ ሜትር፣ የለካው ከሌለ የሚታወቀው የመዶሻው ድምፅ ሲቀርብ ነው። ያ ገደል የተናደው በበጋ እንደሆነም አትርሱ። ስለዚህ «ዝናብ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል አይደለም።

ጦሩ ሲመጣ ጂኦሎጂስቱም መጣ

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዘመኑ 1860 ነው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1868። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ፣ በደላንታ አልፈው በሽሎን ተሻግረው መቅደላ ወጥተዋል። የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ጦር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ከዙላ ተነስቶ በዚያው በደላንታ ሜዳ በኩል ይከተላል። ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች አሉበት፣ ይህን ሁላችንም ሰምተናል። ብዙ የማይነገረው ከጦሩ ጋር ዊሊያም ብላንፎርድ የሚባል ጂኦሎጂስት መምጣቱ ነው። ደሞዝተኛ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ1851 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሕንድ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ነው። ያ ተቋም ራሱ ሥር የሰደደው እንግሊዞች በሕንድ ለባቡርና ለመርከብ የድንጋይ ከሰል ስለፈለጉ ነበር።

ብላንፎርድ መዶሻውን ይዞ አለቱን እያየ ሄደ። በ1870 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። የኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነውን የእሳተ ገሞራ አለት ለሁለት ከፈለው፤ የታችኛውን በአሸንጌ ሐይቅ ስም፣ የላይኛውን በመቅደላ ስም ጠራው። ባዛልቱና ነጣ ያለው ከአመድ የተሠራ አለት የሚፈራረቁበት የላይኛው ክፍል ነው መቅደላ የተባለው። እነዚህ ስሞች ከዚያ ወዲህ ቢሻሻሉም ከመቶ ዓመት በላይ በጂኦሎጂ መጻሕፍት ሲሠራባቸው ኖሯል። ዘመቻው ለእንግሊዝ መንግሥት መጀመሪያ 2 ሚሊዮን ፓውንድ ተብሎ ተጀምሮ ወደ 9 ሚሊዮን ግድም ነው የጨረሰው። በዚያ ገንዘብ ፊት የአንድ ጂኦሎጂስት ስንቅና በቅሎ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ እኛ ግን የወሎን አለት በሥርዓት የተጻፈ መግለጫ ያገኘነው በዚያች ፍርፋሪ ነው።

እዚህ ላይ ቂም ይዤ አይደለም። ሰውየው ሥራውን በደንብ ሠርቷል። የምለው ገንዘቡ የመጣበትን መንገድ ተመልከቱ ነው። ጦሩ ተመለሰ፣ ጥናቱም አብሮ አለቀ።

የኢትዮጵያ የራሷ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የተቋቋመው በ1968 እ.ኤ.አ. ነው፣ ከመቅደላ ልክ መቶ ዓመት በኋላ። ዛሬ የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ይባላል። አገር አቀፉ የጂኦሎጂ ካርታ በ1973 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ በ1996 ተሻሽሎ ታተመ። መጠኑ 1 ለ2,000,000 ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ካርታው ላይ አንድ ሚሊሜትር መሬት ላይ 2 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ የሚዘረዝረው 1 ለ250,000 የሚባለው ነው፣ በእሱ አንድ ሚሊሜትር 250 ሜትር ይሆናል። እነዚህ ካርታዎች ለአገር ያስፈልጋሉ፣ ማንም አይክድም። ግን አንድ ሜትር የማይሞላ ሽፋን ያለበትን ገደል «ከዚህች ጉብታ እስከዚያች ምንጭ ድረስ አትቆፍሩ» ለማለት 1 ለ10,000 ወይም ከዚያ የሚዘረዝር ያስፈልጋችኋል። እሱ ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ አይሠራም። ገደሉ ላይ መንጠላጠል ይፈልጋል።

ኦፓሉ ከተገኘ በኋላም የመጣው ጥናት ምን እንደፈለገ እዩ። በ2010 እ.ኤ.አ. ስለ ወገል ጤና ኦፓል በዓለም አቀፍ የጌጣጌጥ ድንጋይ መጽሔት ላይ በሰፊው የጻፉት በአብዛኛው የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ናቸው። ጥሩ ሥራ ነው፣ ከላይ ስለ አመዱና ስለ አፈሩ የነገርኳችሁ አብዛኛው ከእነሱ ሥራ የመጣ ነው። ጥያቄያቸው ግን ድንጋዩ ነበር፤ ቀለሙ፣ ውሃ መጠጣቱ፣ እንዴት እንደተፈጠረ። ጣሪያው መቼ ይወድቃል የሚለው የእነሱ ጉዳይ አልነበረም፣ መሆንም አይጠበቅበትም። የእኛ ጉዳይ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይሄዳል

አሁን አሰልቺው ግን ዋናው ክፍል መጣ። ታገሱኝ።

የጂኦሎጂ ተቋሙ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። በጀቱ ከፌዴራል ግምጃ ቤት ይመጣል። መደበኛ በጀት አለ፣ ደሞዝና የዕለት ተዕለት ወጪ ነው። ካፒታል በጀት አለ፣ የፕሮጀክት ገንዘብ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይከፈታል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ ያልተጠቀሙበት ተመላሽ ይሆናል። በወረቀት ላይ ችግር የለውም። ችግሩ ከሰማዩ ጋር አለመግባባቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ የወሎ ደጋ ጭጋግና ጭቃ ነው፣ መኪና አይወጣም። የመስክ ወቅት የሚባለው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ገንዘቡ ተለቆ፣ ግዢው ጨረታ ወጥቶበት፣ ጎማው ተገዝቶ፣ ውሎ አበሉ ጸድቆ ቡድኑ ሲነሳ ዓመቱ ተጋምሷል። ግንቦት ላይ ደግሞ «ሒሳብ ዝጉ» ይመጣል። የመሬት መንሸራተት በብዛት የሚከሰተው በክረምት ነው፤ ማለትም የሚለካው ሰው ቢሮ በተቀመጠበት ሰሞን።

በዚያ ላይ ገደል መከታተል ፕሮጀክት ለመባል አይመችም። ፕሮጀክት መጀመሪያና መጨረሻ አለው፣ ሪባን ይቆረጥበታል። ስንጥቅ መለካት ግን አያልቅም። ዘንድሮ ትለካላችሁ፣ ከርሞም ትለካላችሁ፣ ምናልባት አሥር ዓመት ምንም አይሆንም። «አሥር ዓመት ምንም ላልሆነ ነገር ነው ይሄን ሁሉ ያወጣችሁት?» ለሚል የበጀት ሰው ምን ይመለስለታል? ምንም አለመሆኑ ነው ውጤቱ ብትሉት አይገባውም። ይህ የኢትዮጵያ ብቻ ችግር አይደለም፣ ሀብታሞቹ አገሮችም የጂኦሎጂ ተቋሞቻቸው በጀት ሲቀነስ የሚጮኸው ባለሙያው ብቻ ነው። ልዩነቱ እነሱ ሲቀነስባቸው የሚቀራቸው ነገር አለ።

የብሩ ነገርም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአጭር ጊዜ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከመቶ በላይ ወጣ። የላቦራቶሪ ኬሚካሉ፣ የመለኪያ መሣሪያው፣ የመኪና መለዋወጫው ሁሉ ከውጭ ነው የሚመጣው። በብር የጸደቀ በጀት እዚያው ላይ ግማሹ ቀለጠ ማለት ነው። ጎበዙ ወጣት ጂኦሎጂስት ደግሞ የወርቅ ኩባንያ ሲጠራው ይሄዳል። ምን ያድርግ?

እጅ ሲያጥር ፊት ወደ ለጋሽ ይዞራል። ለጋሽም የራሱ ምክንያት አለው። የዓባይ በረሃን ውሰዱ፣ ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለውን። ከ2010 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የጃፓን መንግሥት የልማት ድርጅት ከጂኦሎጂ ተቋማችን ጋር ሆኖ እዚያ ያለውን የመሬት መንሸራተት በመሣሪያ ሲከታተል፣ ሲቆፍር፣ ሲለካ ነበር። ለምን እዚያ? መንገዱንና አዲሱን የዓባይ ድልድይ ያሠራችው ጃፓን ስለሆነች። ያሠራችው መንገድ ሲንሸራተት ዝም ብላ አታይም። ቼኮችም በደቡብ በኩል ከተቋሙ ጋር የአደጋ ካርታ ሠርተዋል። ሁለቱም የተመሰገነ ሥራ ነው፣ ባለሙያዎቻችንም ተምረውበታል። ደላንታ ገደል ላይ ግን የውጭ መንግሥት ያሠራው ድልድይ የለም። ያለው ዋሻ የሚገባ የገበሬ ልጅ ነው።

ገቢው እዚህ፣ ሥራው እዚያ

አሁን ብዙ ሰው ልብ ወደማይለው ነገር ልግባ፣ ለእኔ የጉዳዩ ቋጠሮ ይሄ ነው።

ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 97 እና 98 ላይ ግለጡት። ከማዕድን ሥራ የሚገኝ የገቢ ግብርና የሮያሊቲ ክፍያ (ከሚወጣው ማዕድን ለመንግሥት የሚከፈል ድርሻ) የክልል ነው ይላል። ትልልቅ የማዕድን ሥራዎችና ነዳጅ ብቻ የፌዴራልና የክልል የጋራ ናቸው። ደላንታ ላይ በመሮ የሚፈለፍል ማኅበር ትልቅ የማዕድን ሥራ ሊባል አይችልም፣ ስለዚህ ፈቃዱም ክፍያውም ወደ ክልሉ ነው። ጥሩ። ድንጋዩ ወደ ውጭ ሲወጣ ግን (ብዙው የሚቆረጠውና የሚወለወለው ሕንድ ጃይፑር ነው) ምንዛሪው የአገር ነው። አለቱን የማጥናት አቅም ያለው ተቋም ደግሞ ፌዴራል ነው፣ ከሮያሊቲው ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም።

እንግዲህ ሦስቱን አገናኙ። ክልሉ ይሰበስባል፣ ግን ገደል የሚመረምር የጂኦሎጂ ሰርቬይ የለውም። ፌዴራሉ ሰርቬይ አለው፣ ግን ከደላንታ የሚገባለት ነገር ስለሌለ ደላንታን ከአገሩ ገደል ሁሉ አስቀድሞ የሚያይበት ምክንያት የለውም። ወረዳው ችግሩን በዓይኑ ያያል፣ ግን ከደሞዝ የተረፈ በጀት የለውም። ማንም ሕግ አልጣሰም። ማንም ሥራውን አልተወም። ኃላፊነቱ ግን መሐል መንገድ ላይ ወድቋል።

በወረዳ ደረጃ ያሉ ሰዎችን ብታናግሩ «ለበላይ አሳውቀናል» ይላሉ። የበላዩ «ለሚመለከተው ጽፈናል» ይላል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ። ሲናድ ግን ሁሉም ይመጣል፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ካሜራውን ይዞ።

ሲናድ መድረስ ደግሞ ራሱ አደጋ አለው። ጎፋን አስታውሱ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ከ200 በላይ ሰው ባለቀበት አደጋ ብዙዎቹ የሞቱት መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ናቸው። ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ጎረቤቱን ለማዳን ዶማ ይዞ የሚሮጥ ሰው አለቱ እንደገና ይናድ አይናድ በምን ያውቃል? አንድ ሰው ላዩ ቆሞ ስንጥቁን እያየ «ውጡ!» ቢል እንኳ ሰው ይተርፋል። ያንን አንድ ሰው ነው የምንጠይቀው።

«አሁን የድንጋይ ጊዜ ነው እንዴ?»

ይህን ሳነሳ የሚመጣብኝን መልስ አውቀዋለሁ። ወሎ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት የበላው አገር ነው፣ ደሴና ኮምቦልቻ ሳይቀሩ ተይዘው ነበር፣ ጋሸና ግንባር ነበረች። ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ተዘርፏል። ከዚያ በኋላም ክልሉ ሰላም አላገኘም። ዛሬ የመስክ ቡድን መኪና ጭኖ ወደዚያ ልሂድ ቢል እንደልቡ አይሄድም። ይሄ ሁሉ እያለ ለገደል በጀት?

አዎ። መጀመሪያ ነገር ወጣቱ ወደ ገደሉ የሚገባው በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። ማሳው ለሁለት ለሦስት ወንድም ተከፋፍሎ እፍኝ ሲሆን፣ ዝናብ ሲቀር፣ ሥራ ሲጠፋ ዋሻው ይቀራል። ችግሩ በበረታ ቁጥር ወደ ውስጥ የሚገባው ሰው ይበዛል እንጂ አያንስም። ሁለተኛ፣ እኔ ብዙ ገንዘብ አላልኩም። የማይቋረጥ ገንዘብ ነው ያልኩት። ሰፊው ጥናት ሰላም ይጠብቅ ካላችሁ ይጠብቅ። ስንጥቅ ለመለካት ግን ሳተላይት አያስፈልግም። ከስንጥቁ በዚህና በዚያ ሁለት የብረት ችንካር ይመታል፣ ርቀቱ በሜትር ይለካል፣ ደብተር ላይ ቀኑ ይጻፋል፣ በሳምንቱ ይደገማል። ቁጥሩ ማደግ ሲጀምር ዋሻው ይዘጋል። ይህን የአካባቢው አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ሊሠራው ይችላል፣ ችንካሩ የት መመታት እንዳለበትና ስንት ሲደርስ እንደሚያስፈራ አንድ ጂኦሎጂስት መጥቶ ካሳየው። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ለልጁ በየወሩ የሚከፈል ነገርና ስልክ ሲደውል የሚያነሳለት ሰው ነው።

«ቢነገራቸውስ ይሰማሉ?» የሚል አለ። ይህን ያንን የሻይ ቤቱን ልጅ ጠይቄዋለሁ። «ካርታ ዳቦ አይሆነኝም ጋሼ» አለ መጀመሪያ። ድንጋዩን ከብርጭቆው አውጥቶ በሶፍቱ እየጠቀለለ ትንሽ አሰበና «የቱ ጋ እንደሚከብድ ቢነግሩኝ ግን ለምን እዚያ እገባለሁ? ሌላ ጋ እገባለሁ እንጂ» አለኝ። ሁሉም እንደሱ ያስባል አልልም። የተሻለ ድንጋይ የሚወጣበት ዋሻ ተዘጋ ቢባል ሌሊት የሚገባ አይጠፋም። ግን ዛሬ ምርጫው እንኳ አልቀረበለትም።

መከልከል ይሻላል የሚሉም አሉ። ይሄ አይገባኝም። ከተከለከለ ቁፋሮው አይቆምም፣ ይደበቃል። ያኔ ቋሚም አይተከልም፣ ሲናድም «ማን ገባ?» የሚለው አይታወቅም። ማኅበር ሆነው በፈቃድ ሲሠሩ ቢያንስ ስማቸው የተመዘገበበት ወረቀት አለ።

ገንዘቡ ከየት? ከራሱ ከድንጋዩ። ክልሉ ከኦፓል ከሚያገኘው ሮያሊቲ ትንሽ ድርሻ ለዚያው ገደል ክትትል ብሎ በየዓመቱ ሊለይ ይችላል። ሕገ መንግሥት መቀየር አይጠይቅም፣ ገንዘቡ የራሱ ነው። የፌዴራሉ ተቋም ባለሙያ ይልካል፣ ክልሉ ነዳጅና አበል ይችላል፤ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መሐል የሚፈረም ስምምነት ነው። ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልጉ ከመንከራተት ገደሉን ቢለኩ ምን ይላቸዋል። ገንዘቡ በሐምሌ ሳይሆን በመስከረም ማብቂያ እጅ ላይ እንዲሆን ደግሞ ግዢው ክረምቱ ሳይወጣ ማለቅ አለበት። ይህ የገንዘብ ቢሮ ሰው በአንድ ስብሰባ የሚፈታው ጉዳይ ነው።

የሮያሊቲ ሐሳቡ አንድ ደካማ ጎን አለው፣ ልደብቀው አልፈልግም። ኦፓል በኪስ የሚሄድ ነገር ነው። ብዙው ሳይመዘገብ ከቆፋሪ ወደ ደላላ፣ ከደላላ ወደ አዲስ አበባ ያልፋል። ያልተመዘገበ ድንጋይ ሮያሊቲ አይከፍልም። ስለዚህ ድርሻው በሰነድ ላይ ጥሩ ሆኖ በባንክ ሒሳቡ ላይ ባዶ ሊሆን ይችላል። እዚህ ጋ ነው እንግዲህ ከክልሉ መደበኛ በጀት መነሻ የሚሆን ነገር መቀመጥ ያለበት፣ ድንጋዩ ከፈለም አልከፈለም። ቆፋሪው ደግሞ የከፈለው ገንዘብ ተመልሶ ራሱ ላይ ያለውን ጣሪያ ሲያስለካለት ካየ፣ ለመመዝገብ አንድ ምክንያት ያገኛል። ዛሬ የሚያገኘው ምክንያት ምን እንደሆነ ለእኔ አይታየኝም።

ስለዚህ የደላንታና የአካባቢው የምክር ቤት ተወካዮች በሚቀጥለው የበጀት ውይይት ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ቢያነሱ ይበቃኛል፤ ከኦፓል የተሰበሰበው ስንት ነው፣ ከዚያ ውስጥ ወደ ገደሉ የተመለሰውስ ስንት ነው? በቁጥር ይመለስላቸው፣ በደብዳቤ ሳይሆን።